እናቴን ወደ ኦሪገን ባህር ዳርቻ ልወስዳት ነው፤ የትኛው ቢች ይሻላል?

የፖርትላንዷ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከደሴ መጥታ እኔ ጋ ናት። የሐይቅ እስጢፋኖስን ውሃ እያየች ነው ያደገችው፤ ባህር ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም። ዘንድሮ እንቁጣጣሽ ዓርብ ላይ ይውላል። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ከዓርብ እስከ እሁድ ወደ ኦሪገን ኮስት ልወስዳት አስቤያለሁ። እማዬ፣ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች ነን። ትልቁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ትንሿ አምስት። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ሜዳ ላይ ቀስ እያለች ትሄዳለች፤ ደረጃና ዳገት ግን አይሆንላትም።

ኢንተርኔት ላይ ያለው ሁሉ «ምርጥ አሥር ቢቾች» ነው። ፎቶው ሁሉ ያምራል፤ በፎቶ መለየት አልቻልኩም። ካርታው ላይ ሳየው ደግሞ ዳርቻው ቋጥኝና ገደል ይበዛበታል። ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ከላይ እስከ ታች በመኪና ማዳረስ ይቻላል? ልጆቹ የሚዋኙበት ቦታ አለ? እማዬስ ሳትቸገር እግሯን ባህር ውስጥ የምትነክርበት የቱ ነው? የሄዳችሁበት ንገሩኝ።

ማሚቱ_ሲያትል

እህቴ፣ እንኳን እናትሽ በሰላም መጡልሽ! ብዙ አትድከሚ፣ ካነን ቢች ውሰጃቸው። ሃይስታክ ሮክ የሚባለው ትልቅ ቋጥኝ አሸዋው ላይ ብቻውን ቆሞ ታዩታላችሁ። ፓፊን የሚባሉት ብርቱካናማ መንቁር ያላቸው ወፎችም እዚያ ናቸው። ልጆች ይወዷቸዋል። እኛ ከሲያትል አራት ሰዓት ያህል ነድተን ነው የምንሄደው፣ ቆጭቶን አያውቅም። አንቺ እኮ ቅርብ ነሽ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ነው።

ሹፌር_101

ሰላም እህቴ። እኔ ዕቃ ጭኜ በዚያ መንገድ የምመላለስ ሰው ነኝ። ስለዚህ ትንሽ ባስረዝመው አትቀየሙኝ።

ማዳረሱን ተዪው። የኦሪገን ዳርቻ 363 ማይል ነው፣ ወደ 584 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ሃይዌይ 101 ደግሞ ፍሪዌይ አይደለም። በየከተማው መሃል ያልፋል፣ ተራራው ላይ ይጠማዘዛል። ካምፐር የሚጎትት መኪና ፊትሽ ከገባ ደግሞ ከኋላው መጎተት ነው። ሙሉውን ልንዳ ያለ ሰው ባህሩን በመስኮት አይቶ ይመለሳል። አንዱን ክፍል ምረጪና እዚያው ቆዩ።

ሰው ቢች ምረጥልኝ ሲለኝ በስሙ አልጀምርም። መጀመሪያ የማየው ውሃው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሸሽ ነው። ቀጥሎ አብሮ የሚሄደው ሰው ምን ያህል እንደሚራመድ እጠይቃለሁ። ፎቶ ሁለቱንም አይነግርሽም። እዚህ አካባቢ አንዱ ቢች ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የተለያየ ቦታ ነው። ጠዋት ልጆች የሚሯሯጡበት አሸዋ ከሰዓት በኋላ እስከ ገደሉ ሥር ድረስ ውሃ ይሆናል።

ሃግ ፖይንትን ላንሳልሽ። ከካነን ቢች በስተደቡብ አምስት ማይል ያህል ነው። ዋሻ አለው፣ ትንሽ ፏፏቴም አለው። 101 ከመሠራቱ በፊት ሰው በፈረስ ጋሪ የሚጓዘው አሸዋው ላይ ነበር። ጋሪዎቹ ውሃው እስኪሸሽ ጠብቀው ነበር ያንን ቋጥኝ የሚዞሩት። በኋላ ዐለቱን ፈልፍለው ጠባብ መንገድ አወጡለት፤ የጋሪው ጎማ ያሰመረው ዛሬም ድረስ ይታያል። ልጅሽ ዘጠኝ ዓመቱ ከሆነ ይህን ሲያይ ይደነቃል። ግን ጥጉን ዞራችሁ ሄዳችሁ ውሃው ቢመጣ መመለሻ የለም። ውሃው ከሸሸ ሂዱ፤ ከሞላ መኪናችሁን እንኳ አታቁሙ።

ለእናትሽ እንደ እኔ እንደ እኔ ማንዛኒታ ይሻላል። ላኔዳ የሚባለው ዋናው መንገድ ቀጥ ብሎ ወርዶ አሸዋው ላይ ያልቃል። ገደል የለም፣ የሚወርዱት ረጅም ደረጃ የለም። በሰሜን በኩል ኒያካኒ ተራራ ከባህሩ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ይታያል። ለአሸዋ የተሠራ፣ ትልልቅ ጎማ ያለው ዊልቸርም በነፃ ያውሳሉ። ማንዛኒታም አለ፣ ሲሳይድም አለ። ቀደም ብሎ ደውሎ ማስያዝ ነው። እናቶቻችን ዊልቸር ሲባሉ ቅር ይላቸዋል፣ አውቃለሁ። ግን ጉልበት የሚጨርሰው ደረቁ አሸዋ ነው፣ እግር ይሰምጥበታል። ውሃ ያረጠበው ጋ ከደረሱ በኋላ መሬቱ ጠጣር ነው። እዚያ ተነስተው በእግራቸው ይሂዱ።

ማሚቱ፣ ካነን ቢች ጥሩ ነው ያልሽው ልክ ነሽ። ፓፊኖቹ ግን በእንቁጣጣሽ የሉም። በኤፕሪል መጥተው ጫጩት ያሳድጉና በኦገስት ወደ ባህሩ መሃል ይመለሳሉ። ለልጆቹ ወፍ አሳያችኋለሁ ተብሎ ቃል ባይገባ ይሻላል።

የፖርትላንዷ

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። የውሃውን ሰዓት ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። ዊልቸሩን ነገ ደውዬ እጠይቃለሁ። መዋኘቱንስ? ልጆቹ ከአሁኑ የዋና ልብሳቸውን አዘጋጅተዋል።

የሌሊት_ፈረቃ

ሆስፒታል ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ይህን በቁም ነገር ልንገርሽ። ዋና አይታሰብም። የዚያ ባህር ውሃ በበጋ እንኳ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ምክንያቱ ነፋሱ ነው። በበጋ ነፋሱ ከሰሜን እየነፈሰ የላዩን ውሃ ከዳርቻው ይገፋዋል። በምትኩ ቀዝቃዛው ውሃ ከሥር ይወጣል። ለዚህ ነው ፀሐይ እያቃጠለሽ ውሃው አጥንት ድረስ የሚሰማሽ። ሰርፍ የሚጫወቱት ልጆች ሁሉ ወፍራም ላስቲክ ልብስ ለብሰው የምታያቸው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ በድንገት ሲገባ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ዋና የሚችለውም ክንዱ ይከዳዋል።

ሁለተኛው ማዕበሉ ነው። ለብዙ ደቂቃ ትንሽ ትንሽ ሲመጣ ቆይቶ ድንገት አንድ ትልቅ ይመጣል። ከሌሎቹ እጅግ ርቆ አሸዋው ላይ ይወጣል፣ ሲመለስም አሸዋውን ከእግር ሥር ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ፎቶ ስትነሱ ጀርባችሁን ለባህሩ አትስጡ። ይህ በየቢቹ መግቢያ የተጻፈ ነው፣ ግን ሰው አያነበውም።

ግንዶቹን ደግሞ አደራ! ባህሩ ያመጣቸው ትልልቅ የዛፍ ግንዶች ዳር ላይ ተጋድመው ታያላችሁ። ልጆች ወጥተው መቀመጥና መዝለል ያምራቸዋል። ውሃ የጠጣ ግንድ በቶን የሚቆጠር ክብደት አለው። ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውሃ ግን አንስቶ ያንከባልለዋል። ውሃው እርጥብ ያደረገው አሸዋ ላይ ያለ ግንድ ጋ ልጅ አይጠጋ።

ትንሿ ውሃ ካማራት የወንዝ መግቢያ ፈልጉላት። ካነን ቢች በሰሜኑ ጫፍ ኢኮላ የሚባል ትንሽ ወንዝ አሸዋው ላይ ተዘርግቶ ወደ ባህሩ ይገባል። ጥልቀት የለውም፣ ከባህሩም ይሞቃል። የጤና ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት ካላያችሁ በስተቀር ባልዲና አካፋ ሰጥታችኋት ስትጫወት ትውላለች። አንዳችሁ ግን ሁልጊዜ በእሷና በባህሩ መሃል ቁሙ።

ቀይ_ባሕር

ልጄ፣ እንኳን ለእናትሽ አበቃሽ። እኔ ልጅ ሆኜ ምጽዋ ነበርን። እዚያ ውሃው ለብ ያለ ነው፣ ሰው እንደ ልቡ ይገባበታል። እዚህ አገር መጀመሪያ ስመጣ ባህር ሁሉ እንደዚያ ነው ብዬ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ቅዝቃዜው ዛሬም ትዝ ይለኛል። ሆስፒታል የምትሠራዋ የነገረችሽን ስሚ።

እኔ የምጨምረው ለእናትሽ ነው። ባህር አይቶ የማያውቅ ትልቅ ሰው መጀመሪያ ድምፁ ነው የሚያስደነግጠው። ወዲያው ውሃው ጋ አትውሰጃት። አግዳሚ ወንበር ያለበት ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጫትና ትይ። ካነን ቢች አጠገብ ኢኮላ ስቴት ፓርክ አለ። ከመኪና ማቆሚያው ጥቂት እርምጃ ሄዳ ዳርቻውን ከላይ ሆና ታያለች። ቋጥኞቹ በተርታ ናቸው፣ ባህሩ መሃል ደግሞ ብቻዋን የቆመች አሮጌ የመብራት ማማ ያለችበት ዐለት ይታያል። እዚያ ትንሽ ቆይታ በኋላ ወደ አሸዋው ውረዱ።

ሹፌር_101

ጋሼ ያሉት ትልቅ ምክር ነው፣ እድሜ ይስጥልን። ኢኮላ መግቢያ ይከፈልበታል፣ መንገዱም ጠባብ ነው። በጊዜ ሂዱ። አንዳንዴ መንገዱ ተንሸራቶ ስለሚዘጋ ከመነሳታችሁ በፊት ክፍት መሆኑን እዩ።

ሜድፎርድ_ነኝ

ሁላችሁም ሰሜኑን ብቻ ነው የምታወሩት። ቅር ይለኛል! የኦሪገን ዳርቻ ውበቱ ደቡብ ነው። ባንደን ሂዱ፣ ከፌስ ሮክ መመልከቻ ላይ ሆናችሁ ቋጥኞቹን እዩ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ካነን ቢች አታወሩም። ከዚያ ወደ ታች ሳሙኤል ቦርድማን የሚባለው 12 ማይል የሚሆን ፓርክ አለ። ባህሩ ገደሉን በልቶ በልቶ ድልድይ አስመስሎታል፣ ውሃው ከሥር አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ ይገላበጣል። ዛፉ እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ነው። ሰው የለም፣ ግርግር የለም። ብሩኪንግስ ደግሞ ሌላው ዳርቻ ጉም ለብሶ ሳለ እዚያ ብዙ ጊዜ ይሞቃል፤ ነፋሱ ከተራራው ቁልቁል ሲነፍስ አየሩን ያሞቀዋል።

የፖርትላንዷ

ፎቶውን አየሁት፣ ልብ ይሰርቃል። ከፖርትላንድ ምን ያህል ነው?

ሜድፎርድ_ነኝ

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ስድስት ሰዓት። ካቆማችሁ ከዚያም በላይ። ያው መንገዱ ረጅም ነው።

ሹፌር_101

ወንድሜ፣ ስለ ደቡቡ ውበት ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ሚስጥራዊ ቢች ወደሚሉት ስወርድ እኔም ቃል አጥቻለሁ። ግን እሷ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትና አምስት ዓመት ልጅ ይዛ ነው። ቦርድማን ከላይ የሚታይ ነው። አሸዋው ጋ ለመድረስ በሥር የተተበተበ ቁልቁለት መውረድ ይጠይቃል። ፌስ ሮክም ከላይ ሲያዩት ቆንጆ፣ ለመውረድ ደረጃ ነው። ለሁለት ወጣት ቢሆን ዛሬውኑ ውረዱ እላቸው ነበር። ለእናቷ ግን ዓርብን በመኪና ውስጥ ማሳለፍ ይሆናል።

ማሚቱ_ሲያትል

ስለ ፓፊኖቹ አመሰግናለሁ፣ እኛ ሁልጊዜ በጁን ስለምንሄድ ነው። የዋሽንግተኑን ዳርቻም ላንሳ? ሩቢ ቢችና ሪያልቶ ግሩም ናቸው። ሪያልቶ ላይ ማዕበሉ ዐለቱን በስቶ በር ሠርቷል፣ ውሃው ሲሸሽ በእግር ታልፊበታለሽ። ግን ሁለቱም አሸዋ ሳይሆን ድንጋይ ነው የሚበዛባቸው። ሩቢ ላይ ደግሞ አሸዋው ጋ ለመድረስ የተከመረ ግንድ መሻገር አለ። አሁን ሳስበው ለእናትሽ አይሆንም። ለሌላ ጊዜ ያዢው።

ድንጋይ_ወዳድ

ስለ ቋጥኞቹ አንድ ነገር ልበል፣ ማንም ስላላነሳው። ሃይስታክ ሮክን የመሰሉት ጥቁር ቋጥኞች የወጡት ከባህር አይደለም። ከ15 እስከ 17 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከኦሪገን ምሥራቅና ከአይዳሆ ድንበር አካባቢ መሬቱ ተሰንጥቆ ቅልጥ ድንጋይ ፈሰሰ። በመቶዎች ኪሎ ሜትር ተጉዞ ባህሩ ውስጥ ገባና ረጋ። ባህሩ ዙሪያውን ያለውን ለስላሳውን አፈር ሲበላው ጠንካራው ብቻውን ቀረ። የእኛ ደጋም እኮ የተሠራው እንዲሁ ነው። የሰሜን ተራሮችና የወሎ ገደል ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባዛልት ነው። እናትሽ ከደሴ ከሆኑ ድንጋዩን በዓይናቸው ያውቁታል። ጥቁሩ፣ ከባዱ፣ ሲሰበር ስለት የሚያወጣው ያ ነው።

ኒውፖርት ከደረሳችሁ ያኪና ሄድን እንዳታልፉት። በ1873 የበራ፣ ወደ 28 ሜትር የሚረዝም የመብራት ማማ አለው፤ በኦሪገን ረጅሙ ነው። መኪና ቅርብ ድረስ ይገባል። ከማማው ሥር ኮብል ቢች አለ። አሸዋ የለውም። ሁሉም ማዕበል ያሟለለው ድቡልቡል ጥቁር ድንጋይ ነው። ማዕበሉ ሲመለስ ድንጋዮቹ እርስ በርስ ይንከባለላሉ። ምጣድ ላይ ገብስ ሲቆላ እንዳለው ያለ ድምፅ ነው። እኔ ለዚያ ድምፅ ብዬ ብቻ እሄዳለሁ። ደረጃው ግን ረጅም ነው። ልጁ ከአባቱ ጋር ይውረድ፣ እናትሽ ከላይ ሆነው ይስሙ።

የሌሊት_ፈረቃ

ውሃው ሲሸሽ ዐለቱ ሥር የሚቀሩትን ትንንሽ ኩሬዎች አትርሱ። ለልጆች ከዋና ይበልጣል። ሃይስታክ ሮክ ሥር ብርቱካናማና ወይን ጠጅ የባህር ኮከቦች ተለጥፈው ይታያሉ። ከ2013 ጀምሮ በሽታ ገብቶባቸው በጣም አልቀው ነበር፣ ስለዚህ ሲታዩ ደስ ይላል። መዳፍ የሚያህል አረንጓዴ፣ ዙሪያውን ጣት የመሰለ ነገር ያለው እንስሳም አለ፤ አኔሞኒ ይባላል። ውሃ ሲኖር እንደተከፈተ ነው። ውሃው ሲሸሽ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ላዩ ላይ የዛጎል ስባሪና አሸዋ ይለጠፍበታል። ያኔ አሸዋ መስሎሽ ትረግጪዋለሽ። ልጆቹ አሸዋውን ብቻ ይርገጡ፣ ዐለቱ ላይ አይውጡ። በጎ ፈቃደኞች ውሃው በሚሸሽበት ሰዓት እዚያ ቆመው ለሰው ያስረዳሉ። ትልቁ ልጅሽ ይጠይቃቸው፣ ደስ ብሏቸው ነው የሚመልሱት። ምንም ነገር ግን ወደ ቤት አይወሰድም።

ባለ_ጀበና

ምግቡን ማንም አላነሳው! ዓርብ ጾም ነው። እንቁጣጣሽ ቢሆንም አይሻርም። ስለዚህ ዶሮው ለቅዳሜ ነው። መንገድ ላይ ያለው ሬስቶራንት ደግሞ ክላም ቻውደርና ሸርጣን ነው። ሾርባው ወተትና ክሬም ነው፣ ብዙ ጊዜ ቤከንም ይገባበታል። እናትሽ አይነኩትም። የጾም በያይነቱን ከቤት ይዘሽ ውጪ። ዓሣ በጾም የሚበሉ ከሆነ ሃሊበት አለ፣ በዚያ ወቅት አልባኮር ቱናም ትኩሱ ይገኛል። ጠይቂያቸው።

ቅዳሜ ጾሙ ሲፈታ ቲላሙክ ጎራ በሉ። ትልቁ የቺዝ ፋብሪካ መንገድ ዳር ነው። ቺዙ ሲሠራ በመስታወት ይታያል፣ ለልጆቹ አይስክሬም አለ።

ቡናስ? አሸዋ ላይ ትንሽ እሳት ማንደድ ብዙ ቦታ ይፈቀዳል። ደረቅ፣ ክፍት አሸዋ ላይ፣ ከሣርና ከግንድ ክምር ርቆ ነው። በደረቁ ወቅት የሚታገድበት ጊዜ ስላለ መጠየቅ ያስፈልጋል። እኛ ግን በጋዝ ምድጃ ነው የምናፈላው፤ ነፋሱ ጀበናውን ቶሎ አያስፈላም፣ ዙሪያውን መከለል አለበት። ዕጣኑን ነፋስ ይወስደዋል፣ እሱን ተዪው። ጋቢ ግን እንዳይቀር። ኦሪገን ባህር ዳር ነጠላ አያድንም።

ሹፌር_101

ጋቢው እውነት ነው። ጠዋት ጉም ይኖራል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ከሌበር ዴይ በኋላ ግን ሰዉ ይቀንሳል፣ አየሩም ከጁላይ ይልቅ ይጠራል። ጥሩ ጊዜ መርጠሻል።

ስለ ፓሲፊክ ሲቲ ሳልነግርሽ ቀርቷል። ኬፕ ኪዋንዳ ላይ ዓሣ አጥማጆቹ ወደብ የላቸውም። ጀልባዎቻቸው ሆዳቸው ጠፍጣፋ ነው። ጠዋት ከአሸዋው ላይ በማዕበሉ መሃል ይገባሉ። ሲመለሱ ሞተሩን ሙሉ ሰጥተው በፍጥነት መጥተው አሸዋው ላይ ይንሸራተቱና ይቆማሉ። ከመቶ ዓመት በላይ እንዲህ ነው የሚሠሩት። ጀልባ ሲመጣ ካያችሁ ልጆቹን ከፊቱ አርቁ፣ ፍሬን የለውም። እናትሽ ከወንበራቸው ሳይነሱ የሚያዩት ነው። ከጎኑ ያለውን ትልቅ የአሸዋ ኮረብታ ልጁ ወጥቶ ይንከባለልበት። ኮረብታውን አልፎ ወዳለው የታጠረ ገደል ግን ማንም እንዳይሻገር። ሰው የሞተበት ነው፤ ሥሩ ባዶ ስለሆነ ይናዳል።

የፖርትላንዷ

እንዴት እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን። ዓርብ ኢኮላና ካነን ቢች፣ ማታ ማንዛኒታ። ቅዳሜ ቲላሙክ፣ ከዚያ ፓሲፊክ ሲቲ። እሁድ እማዬ ካልደከመች እስከ ኒውፖርት፣ ከደከመች በቀጥታ ወደ ቤት። ሃግ ፖይንትን እንደ ውሃው ነው። ግን ውሃው የሚሞላበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት ሰንጠረዥ ከፍቼ ምንም አልገባኝም። ቁጥሩ የምንድን ነው? አንዳንዱ ደግሞ መቀነስ አለበት።

ሹፌር_101

ቀላል ነው። የኖዋን (የአሜሪካ መንግሥት የባህርና የአየር መሥሪያ ቤት ነው) ሰንጠረዥ ክፈቺና ሲሳይድን ወይም ጋሪባልዲን ምረጪ። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከሙላቱ እስከ ሽሽቱ ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። በየቀኑ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ስለሚገፋ የትናንቱ ሰዓት ለዛሬ አይሆንም። ቁጥሩ የውሃው ከፍታ በጫማ (ፊት) ነው። ትንሽ ከሆነ ውሃው ርቋል ማለት ነው። መቀነስ ካለው ደግሞ ከወትሮው እጅግ ርቋል፣ ኩሬዎቹ የሚታዩት ያኔ ነው። ከሽሽቱ ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ። መመለስ ሲጀምር እናንተም ተመለሱ።

ዘንድሮ እንቁጣጣሽ ጨረቃ በምትወለድበት ሰሞን ነው የሚውለው። በዚያ ሰሞን ውሃው ከወትሮው ይበልጥ ይሸሻል፣ ይበልጥም ይሞላል። ሽሽቱ ማለዳ አካባቢ ስለሚሆን ጨለማ ሳለ ከቤት ለመውጣት ተዘጋጁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከፖርትላንድ የሚያወጣው ሃይዌይ 26 ስለሚዘጋጋም ማለዳ መውጣቱ ሁለት ጥቅም አለው። ካነን ቢች መኪና ማቆሚያም ያኔ አይጠፋም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰማያዊ ምልክት ላይ የሚሮጥ ሰውና ማዕበል ተሥሎ ካያችሁ የሱናሚ መሸሻ መንገድ ነው። እናትሽን አታስጨንቂ፣ አንቺ ግን መንገዱን እወቂው። በ1700 ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ መጥቶ ዳርቻውን ባህር ውጦታል። መሬቱ ጠንከር ብሎ ከተንቀጠቀጠ ሳይረን ሳትጠብቁ በእግር ወደ ከፍታ ነው።

አዲስ_ገቢ

ሰላም፣ ክሩን አነበብኩት፣ ጥሩ ነው። ሆቴል ፊት ለፊት ያለ ቢች ላይ የሆቴሉ እንግዳ ያልሆነ ሰው መቀመጥ ይችላል? ዱባይ ሳለሁ ብዙው የሆቴል ነበር፣ ለመግባት ትከፍያለሽ።

ሜድፎርድ_ነኝ

ኦሪገን ላይ ማንም አይከለክልሽም። በ1913 ገዥው ኦስዋልድ ዌስት እርጥቡን አሸዋ የሕዝብ መንገድ አስባለው። ከዚያ በ1966 ካነን ቢች ላይ አንድ የሞቴል ባለቤት ደረቁን አሸዋ አጥሮ ለእንግዶቹ ብቻ አደረገው። ሰው ተቆጣ። በ1967 ገዥው ቶም ማኮል የፈረመበት ሕግ ወጣ፣ ሣሩ እስከሚጀምርበት ያለው አሸዋ ሁሉ ለሕዝብ ክፍት ሆነ። በሰው ግቢ አቋርጦ መግባት ግን አይቻልም፤ የሕዝብ መግቢያ ፈልጊ። በየጥቂት ርቀቱ አለ።

አዲስ_ገቢ

ይህ በጣም ደስ ይላል። እኔ ፈቃድ የማገኘው በፈረንጆቹ ገና ነው። በክረምት መሄድ ዋጋ አለው ወይስ ልተወው?

ድንጋይ_ወዳድ

አትተዪው። ዲፖ ቤይ ሂጂ። ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ከአላስካ ወደ ሜክሲኮ ሲወርዱ በዲሴምበር መጨረሻና በጃንዋሪ በዚያ ያልፋሉ። መንገዱ ዳር ካለው የድንጋይ ግንብ ላይ ቆመሽ ታያለሽ፣ አሸዋ መውረድም አያስፈልግም። መጀመሪያ የሚታየው ጀርባው አይደለም፣ ትንፋሹ ነው። ውሃው ላይ ነጭ ጭስ ብቅ ሲል ዓይንሽን እዚያው አቆይ፣ ጥቂት ቆይቶ ይደግመዋል። በገናና በአዲስ ዓመት መሃል በጎ ፈቃደኞች በየከፍታው ቆመው የት እንደሚታይ ያሳያሉ። ባይኖኩላር ያዢ። በክረምት ማዕበሉ ስለሚከፋ ግን ዐለት ላይና አሸዋ ላይ አትውረጂ፣ ከላይ ሆነሽ ብቻ እዪ።

የሌሊት_ፈረቃ

በክረምት ወደ ዳርቻው በሚያሻግረው ተራራ ላይ በረዶ አለ። ከመውጣትሽ በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዪ፣ የጎማ ሰንሰለትም መኪናሽ ውስጥ ይኑር።